የተቀበረ ቧንቧ ልብሱ ሲያልቅ ማን ያያል?

አሜሪካን አገር የምንኖር ሁላችን ያየነው፣ ግን ልብ ያላልነው አንድ ነገር አለ። ከአውራ ጎዳናው ዳር፣ ከገበያ አዳራሹ የመኪና ማቆሚያ ጥግ፣ አንዳንዴም ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር ከሣሩ መሐል ብቅ ብሎ የቆመ ቢጫ ዘንግ ነው። «ማስጠንቀቂያ» የሚል ቃል፣ የአንድ ኩባንያ ስምና የስልክ ቁጥር ተጽፎበታል። ታክሲ ነጂው ወገናችን በቀን ሃያ ጊዜ ያልፈዋል። ልጆች ኳስ ሲጫወቱ የጎል ቋሚ ያደርጉታል። የዘንጉ መልእክት ግን የጨዋታ አይደለም፤ «እዚህ አካባቢ ከመሬት በታች ነዳጅ ወይም ጋዝ ያልፋልና ተጠንቀቅ» ነው የሚለው።

በአገራችን ነዳጅ ከወደብ በቦቴ መኪና እየተጫነ ስለሚመጣ ቧንቧ ሲባል ቶሎ ትዝ የሚለን ውኃ ነው፤ ያውም ሲጠፋ። እዚህ አገር ግን ነዳጅና ጋዝ የሚያጓጉዘው ቧንቧ ቢቀጣጠል ከ2.6 ሚሊዮን ማይል በላይ ይረዝማል። ወደየቤቱ የሚገባው ቀጭኑ ብዙውን ጊዜ ፕላስቲክ ነው። በከፍተኛ ግፊት ክፍለ ሀገር ከክፍለ ሀገር የሚያቋርጠው ወፍራሙ ግን ብረት ነው። ብረት ደግሞ እርጥብ አፈር ውስጥ ሲቀበር ወደ መጣበት መመለስ ይወዳል። ከአፈር ወጥቷልና አፈር መሆን ይፈልጋል። ይህንኑ ነው ዝገት የምንለው።

ስለዚህ ቧንቧ ራቁቱን አይቀበርም፤ ልብስ ይለብሳል። ባለሙያዎቹ መከላከያ ልባስ ይሉታል። የጥንቱ ልባስ ሬንጅና ከድንጋይ ከሰል የሚወጣ ቅጥራን ነበር። ቀጥሎ በ1960ዎቹና በ70ዎቹ (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው) የፕላስቲክ ጥቅልል መጣ። ይህ እንደ ቁስል ፋሻ ቧንቧው ላይ እየዞረ የሚጠመጠም ነው። ዛሬ የሚመረጠው ደግሞ በጋለ ብረት ላይ ተነፍቶ እዚያው ቀልጦ የሚጣበቅ የኢፖክሲ ዱቄት ነው። የዛሬው ጨዋታችን ስለዚሁ ልብስ ነው። ከተቀበረ 40 ወይም 50 ዓመት የሆነው፣ ከመሬት በታች አንድ ሜትር ያህል ወርዶ የተኛ ቧንቧ ልብሱ ይለቅ፣ ይቀደድ፣ ወይም ደኅና ይሁን በምን ይታወቃል? ጉዳዩ የመሐንዲሶች ብቻ የሚመስለው ካለ ጥቂት ይታገሰኝ፤ የዚህ ጥያቄ መልስ ተዘንግቶ ወንዝ ሙሉ ድፍድፍ ዘይት የፈሰሰበትን ታሪክ እናያለን።

አስቀድመን ግን አንድ እውነት እንቀበል። ቀዳዳ የሌለው ልባስ የለም። ቧንቧው ገና ከመቀበሩ በፊት በሺዎች በሚቆጠር ቮልት ይፈተሻል፤ ልባሱ በሳሳበት ቦታ የእሳት ብልጭታ ይዘላል። የሙያው ሰዎች እንዲህ ያለውን ልባስ ያልደረሰበት ቦታ «ሆሊዴይ» ይሉታል፤ የበዓል ቀን ማለታቸው ነው። ቀቢው እዚያች ቦታ ላይ ሲደርስ በዓል አክብሮ አልፏል እንደ ማለት ነው። ሁሉም በዓል ተገኝቶ ቢደፈን እንኳ፣ ቧንቧው ወደ ጉድጓዱ ሲወርድ ድንጋይ ይጭረዋል፣ የዛፍ ሥር ይገፋዋል፣ አፈሩ በበጋ ሲሰነጠቅ በክረምት ሲያብጥ ልብሱን ይጎትትበታል።

ለዚህ ነው ሁለተኛ ዘበኛ የተቀጠረለት። እሱም ኤሌክትሪክ ነው። እንግሊዛዊው ሰር ሀምፍሪ ዴቪ በ1824 የመርከብን የመዳብ ልብስ ከባሕር ውኃ ለማዳን ሌላ ብረት አጠገቡ አስሮ፣ ያ ብረት በመዳቡ ፈንታ እንዲበላ አደረገ። በ1928 ደግሞ ሮበርት ኩን የተባለው መሐንዲስ በኒው ኦርሊንስ ከተማ ይህንኑ ዘዴ በኤሌክትሪክ አጠናክሮ ለጋዝ ቧንቧ አዋለው። አሠራሩ ሲታይ ቀላል ነው። ከቧንቧው ራቅ ብሎ የብረት ቁራጭ ይቀበራል፤ ከዚያ በአፈሩ ውስጥ አልፎ ወደ ቧንቧው ኤሌክትሪክ ይላካል። ዝገቱ ቧንቧውን ትቶ የተቀበረውን ቁራጭ ይበላል። መሥዋዕት ማለት እንግዲህ ይኸው ነው። ጥበቃው በቂ መሆኑም በቮልት ይለካል፤ በመዳብና በመዳብ ሰልፌት መለኪያ ሲታይ ቧንቧው ቢያንስ ከዜሮ በታች 0.85 ቮልት እንዲያሳይ ይፈለጋል።

ሁለቱ ዘበኞች ሥራ ተከፋፍለዋል። ልባሱ አብዛኛውን የቧንቧ አካል ይሸፍናል፤ ኤሌክትሪኩ ልባሱ የተቀደደበትን ቀዳዳ ይጠብቃል። ልባሱ ባረጀ ቁጥር ብዙ ኤሌክትሪክ መላክ ያስፈልጋል። የኤሌክትሪኩ ፍላጎት ከዓመት ዓመት ሲጨምር ያየ ኩባንያ፣ ልብሱ እያለቀ መሆኑን ከዚያው ሊጠረጥር ይገባል።

በአሜሪካ ሕግ ከሐምሌ 1971 በኋላ የተቀበረ የብረት ጋዝ ቧንቧ ሁለቱም ዘበኞች እንዲኖሩት ይገደዳል። የኤሌክትሪኩም ልክ በየዓመቱ ይመረመራል። አንዳንዱ ቢጫ ዘንግ አናቱ ላይ ትንሽ ክዳን አለው፤ ሲከፈት ከቧንቧው ጋር የተያያዘ የሽቦ ጫፍ ይገኝበታል። መርማሪው መጥቶ ቮልቱን የሚለካው ከዚያ ነው። ነገር ግን ይህ ልኬት የሚናገረው ዘንጉ ስለቆመበት ቦታ ብቻ ነው። በሁለት ዘንጎች መካከል ያለው መንገድስ?

ለዚያ በእግር መሄድ ግድ ነው። ቀደም ያለው ዘዴ በጀማሪው ስም የፒርሰን ቅኝት ይባላል። ሁለት ሰዎች እሾህ ያለው የብረት ጫማ አድርገው፣ በሽቦ ተያይዘው፣ ቧንቧውን ተከትለው ይሄዳሉ። ቧንቧው ላይ ምልክት ይለቀቃል፤ ልባሱ የተቀደደበት ቦታ ሲደርሱ በጆሮ ማዳመጫው የሚሰማው ድምፅ ከፍ ይላል። ሁለተኛው ዘዴ አንድ ሰው ከኋላው ቀጭን ሽቦ እየተረተረ፣ በየእርምጃው አፈሩን በመለኪያ ዘንግ እየነካ ቮልቱን የሚመዘግብበት ነው። መዝገቡ በወረቀት ላይ ሲሣል ኮረብታና ሸለቆ ይመስላል፤ ሸለቆው ጥበቃው የደከመበት ቦታ ነው።

ሦስተኛው በ1980ዎቹ መጀመሪያ ጆን ሙልቫኒ የተባለ አውስትራሊያዊ ያመጣው ዘዴ ነው። ቀያሹ እንደ ሽማግሌ ሁለት ምርኩዝ ይዞ ይሄዳል። ለቧንቧው የሚላከው ኤሌክትሪክ በየቅጽበቱ ይበራል፣ ይጠፋል። ልባሱ ቀዳዳ ካለው ኤሌክትሪኩ በዚያ በኩል ወደ ብረቱ ስለሚገባ፣ በዙሪያው ያለው አፈር የቮልት ልዩነት ያሳያል። የመለኪያው መርፌ ወደ ቀዳዳው አቅጣጫ ይዘልላል። ቀያሹ አልፎት ከሄደ መርፌው ወደ ኋላ ይዞራል። በቀዳዳው ትክክል ሁለቱን ምርኩዞች ግራና ቀኝ ሲተክል መርፌው ፀጥ ይላል። በዚህ ዓይነት አንድ ሜትር መሬት ሥር ያለ ቀዳዳ ሳይቆፈር ቦታው ይታወቃል። የቀዳዳው ክብደትም በመቶኛ ይሰላል። ከ15 በመቶ በታች የሆነውን አብዛኛውን ጊዜ ኤሌክትሪኩ ይጠብቀዋል ተብሎ ይተዋል። ከ60 በመቶ በላይ ከሆነ ግን ዶማ ማንሣት ነው።

እስከዚህ ድረስ ያነበበ ሰው «ታዲያ ችግሩ የት ላይ ነው? መሣሪያው ካለ፣ ሕጉ ካለ፣ ምን ቀረ?» ሊል ይችላል። ቁም ነገሩ የሚመጣው አሁን ነው።

እነዚህ መሣሪያዎች የሚያገኙት የተቀደደውን ልብስ ነው። ቀዳዳ ባለበት ኤሌክትሪክ ያልፋል፤ ኤሌክትሪክ ካለፈ መርፌው ይናገራል። ነገር ግን ልብሱ ሳይቀደድ ከሰውነት ቢላቀቅስ? የፕላስቲኩን ጥቅልል አስቡት። ማጣበቂያው ከዓመታት በኋላ ይደርቃል፤ ፕላስቲኩ ከብረቱ ይላቀቅና መሐሉ ክፍት ቦታ ይሆናል። በተለይ ቧንቧው በቁመቱ የተበየደበት ቦታ ላይ ብየዳው ከፍ ስለሚል፣ ጥቅልሉ ከግራና ከቀኙ ብረቱን ሳይነካ ተወጥሮ ይቀራል። ባለሙያዎቹ ራሳቸው ይህንን «ድንኳን» ይሉታል። ወደዚያ ድንኳን ውኃ ቀስ ብሎ ይሰርጋል። ፕላስቲክ ኤሌክትሪክ ስለማያሳልፍ ሁለተኛው ዘበኛ መግባት አይችልም። ልብሱ ጠባቂ መሆኑ ቀርቶ ለዝገት መጋረጃ ሆነ ማለት ነው። ላይ ላዩን የሚሄደው ቀያሽ ደግሞ ቀዳዳ ስላላገኘ «ደኅና ነው» ብሎ ጽፎ ያልፋል። ውስጡን ለቄስ ማለት ይህ ነው።

አሁን ወደ ሚሺጋን እንሂድ። ከማርሻል ከተማ አጠገብ በ1969 የተቀበረ፣ 30 ኢንች ስፋት ያለው፣ በፕላስቲክ ጥቅልል የተሸፈነ የድፍድፍ ዘይት ቧንቧ ነበር። ባለቤቱ ኤንብሪጅ የተባለው የካናዳ ኩባንያ ነው። ሐምሌ 25 ቀን 2010፣ እሑድ ማታ፣ ከ6 ጫማ በላይ በሆነ ርዝመት ተቀደደ። ከሩቅ ኤድመንተን ሆነው ቧንቧውን የሚቆጣጠሩት ሠራተኞች የማስጠንቀቂያ ደወል ቢጮህባቸውም፣ በቧንቧው ውስጥ ክፍተት ተፈጥሮ ነው ብለው ሁለት ጊዜ እንደገና ፓምፑን አስነሡ። ዘይቱ መፍሰሱ የታወቀው ከ17 ሰዓት በላይ ቆይቶ፣ በማግስቱ የሌላ ጋዝ ድርጅት ሠራተኛ በስልክ ሲያስታውቅ ነው። ከ843 ሺህ ጋሎን በላይ ወጣ፤ ከዚያ ውስጥ 81 በመቶው የፈሰሰው በነዚያ ሁለት የፓምፕ ማስነሣቶች ጊዜ ነው። ዘይቱ ታልማጅ የተባለውን ጅረት ሞልቶ ወደ ካላማዙ ወንዝ ገባ። 320 ያህል ሰዎች ሕመም እንደተሰማቸው አስታወቁ። ወንዙ ለረጅም ጊዜ ለሕዝብ ተዘጋ፤ የማጽጃውም ወጪ እያደር ከአንድ ቢሊዮን ዶላር በላይ ሆነ።

የአሜሪካ ብሔራዊ የትራንስፖርት ደኅንነት ቦርድ በ2012 ያወጣውን የምርመራ ዘገባ የጋዜጠኝነት ልማድ ሆኖብኝ አንብቤዋለሁ። ምክንያቱ በግልጽ ሰፍሯል። ከብረቱ በተላቀቀው የፕላስቲክ ልባስ ሥር የተፈጠረው ዝገትና ስንጥቅ ከዓመት ዓመት አድጎ፣ አንዱ ከሌላው ተጋጥሞ ነው ቧንቧው የተቀደደው። ልብሱ ድንኳን ሆኖ ነበር።

ከዚህ የሚከፋው ግን ሌላ ነው። ኩባንያው ከላይ በሚደረገው ቅኝት ብቻ አልተማመነም፤ በቧንቧው ውስጥ የሚጓዝ መሣሪያም ነበረው። ይህ መሣሪያ በ2005፣ ማለትም ከአደጋው አምስት ዓመት በፊት፣ በኋላ በተቀደደው በዚያው ቁራጭ ላይ ስድስት ስንጥቅ መሰል ምልክቶችን አሳይቶ ነበር። ወረቀት ላይ ተሰላ፤ «ለመቆፈር አያደርስም» ተባለና ታለፈ። ዶማ አልተነሣም። «አለባብሰው ቢያርሱ በአረም ይመለሱ» ያሉት አባቶቻችን ስለ ቧንቧ ሰምተው ባያውቁም፣ ሚሺጋን ድረስ የሚሄድ ቃል ነው የተናገሩት።

ይህ የአንድ ኩባንያ ስንፍና ብቻ ነው የሚል ካለ፣ ከአምስት ዓመት በኋላ በካሊፎርኒያ የሆነውን ይመልከት። ግንቦት 19 ቀን 2015 በሳንታ ባርባራ ባሕር ዳርቻ የፕሌይንስ ኩባንያ ቧንቧ ተቀደደ። ይህኛው ዘይቱ እንዳይረጋ ሲባል እንደ ብርድ ልብስ ሙቀት የሚይዝ አረፋ ለብሶ፣ በላዩ ጥቅልል ተጠምጥሞበት ነበር። ውኃ ወደ ብርድ ልብሱ ገባ፣ ኤሌክትሪኩ መግባት አቃተው፣ ብረቱ ተበላ። 2,934 በርሜል ያህል ፈሰሰ፤ ከፊሉም ፓሲፊክ ውቅያኖስ ደረሰ። በጣም የሚያስገርመው የቁጥሩ ነገር ነው። ከአደጋው ሁለት ሳምንት በፊት በቧንቧው ውስጥ ያለፈው መሣሪያ የሰበሰበው መረጃ ሲተነተን፣ በተቀደደው ቦታ ላይ ከብረቱ ውፍረት የተበላው 47 በመቶ ነው የሚል ግምት ሰጠ። ብረቱ ወጥቶ ላቦራቶሪ ሲገባ ግን የተበላው 89 በመቶ ሆኖ ተገኘ። ኩባንያው በ2018 በፍርድ ቤት ጥፋተኛ ተባለ።

እንግዲህ ከሁለቱ ታሪክ የሚወጣው ፍሬ ነገር ይህ ነው። መሣሪያ ምስክር ነው እንጂ ዳኛ አይደለም። አንድ ምስክር ብቻውን ሲቆም ደግሞ አይታመንም። የሙያው ደንብም ይህንን ያውቃል። የተቀበረ ቧንቧን የውጭ ዝገት ለመገምገም የወጣው ሥርዓት አራት ደረጃ አለው። መጀመሪያ የቧንቧው ታሪክ ይሰበሰባል፤ መቼ ተቀበረ፣ ምን ለበሰ፣ አፈሩ ምን ዓይነት ነው። ቀጥሎ ቢያንስ ሁለት ዓይነት መሣሪያ ከላይ ይቃኘዋል፤ አንዱ የሳተውን ሌላው እንዲያገኘው። ሦስተኛ ይቆፈራል። አራተኛ የተገመተው ከተገኘው ጋር ይመሳከራል።

ሲቆፈር የሚሠራው ሥራ የሐኪም ምርመራ ይመስላል። ልባሱ በዓይን ይታያል፣ በጣት ይመታል፣ በቢላ ተሰንጥቆ ከብረቱ ጋር ተጣብቆ እንደሆነ ይሞከራል። ከሥሩ ውኃ ከተገኘ የአሲድነቱ ልክ ይወሰዳል። ልባሱ ተገፎ የዝገቱ ጉድጓድ ጥልቀት ይለካል። ስንጥቅ እንዳለም ይፈተሻል። አፈሩም ለናሙና ይወሰዳል።

በዚህ ሥርዓት ውስጥ ከሁሉ የምወደው አንድ አንቀጽ አለ። መሣሪያው «መጥፎ ነው» ያለውን ቦታ ብቻ መቆፈር አይበቃም፤ በዕጣ የተመረጠ ሌላ ቦታም ተጨምሮ መቆፈር አለበት ይላል። ምክንያቱም በመጥፎው ቦታ የምታረጋግጠው መሣሪያው ሲናገር እውነት መናገሩን ነው። ዝም ሲል መዋሸት አለመዋሸቱን የምታውቀው ዝም ያለበትን ቦታ ስትቆፍር ነው። «ይህ አባባል ለቧንቧ ብቻ ነው ወይ?» የምትሉ አትጠፉም። እኔ እንኳ ዛሬ የማወራው ስለ ቧንቧ ነው።

ቁፋሮ ገንዘብ ይፈጃል። መንገድ ይዘጋል፣ የሰው እርሻ ይገለበጣል፣ ፈቃድ ይጠየቃል፤ ይህ አይካድም። ለዚህ ነው በየቢሮው «ቁጥሩ ደኅና ነው፣ ለከርሞ ይደርሳል» የሚል ሰው የማይጠፋው። ነገር ግን ሒሳቡን የሚሠራው ሰው ሌላ፣ ዘይቱ በጓሮው የሚያልፍበት ሰው ሌላ ነው። የካላማዙ ዳር ነዋሪዎች ስለዚያ የ2005 ወረቀት ማንም አልጠየቃቸውም።

እኛስ ምን ማድረግ እንችላለን? በዋሽንግተን አካባቢ ለምንኖር ነገሩ ሩቅ አይደለም። በ1993 መጋቢት መጨረሻ በቨርጂኒያ ሬስተን፣ የኮሎኒያል ኩባንያ 36 ኢንች ቧንቧ ተቀዶ ከ400 ሺህ ጋሎን በላይ ናፍጣ በሹገርላንድ ጅረት በኩል ወደ ፖቶማክ ወንዝ ወርዷል። የፌርፋክስ ካውንቲ የመጠጥ ውኃ መሳቢያም ተዘግቶ ነበር። ያን ጊዜ እዚህ የነበራችሁ ታስታውሱታላችሁ። ያኛው ምክንያቱ ልባሱ ማርጀቱ አልነበረም፤ ቀደም ሲል በመቆፈሪያ መኪና የተጎዳ ቧንቧ ነው ጊዜውን ጠብቆ የፈነዳው። አንዱ ጭሮት አልፎ ሄደ፤ ሌላው ዋጋውን ከፈለ።

ስለዚህ ቤት የገዛችሁ ወገኖቼ፣ ለአጥር ቋሚ ጉድጓድ ከመቆፈራችሁ ወይም ከጓሮ ጌሾ ከመትከላችሁ በፊት 811 ደውሉ። ከ2007 ጀምሮ በአገሪቱ በሙሉ የሚሠራ ቁጥር ነው፤ ገንዘብ አያስከፍልም። ከሥራው ጥቂት ቀን ቀደም ብላችሁ ደውሉ። ሰዎች መጥተው መሬቱ ላይ ቀለም ይቀቡላችኋል፤ ቢጫ ለጋዝና ለነዳጅ፣ ቀይ ለኤሌክትሪክ፣ ሰማያዊ ለመጠጥ ውኃ ነው። በግንባታ ሥራ የተሰማራችሁ ደግሞ፣ በአካፋም ይሁን በመኪና የቧንቧን ልባስ ብትጭሩ፣ ጭሮቱ የቱንም ያህል ትንሽ ቢመስል አፈር መልሳችሁ አትሸፍኑት፤ ለባለቤቱ አስታውቁ። ያን ቀን የሚደርስባችሁ ቁጣ፣ ከዓመታት በኋላ ሌላ ቤተሰብ ላይ ከሚደርሰው ጋር አይወዳደርም። በሰፈራችሁ የቧንቧ ኩባንያ ስብሰባ ሲጠራም ሂዱ። ቋንቋው ቴክኒክ ቢሆን አትፍሩ፤ ሦስት ጥያቄ ይበቃል። ቧንቧው የለበሰው ምንድን ነው? መቼ ነው የተቃኘው? ደኅና ነው ከተባለበት ቦታ ቆፍራችሁ ያያችሁት የት የት ነው?

የመጨረሻውን ጥያቄ ሲሰሙ ፊታቸውን ልብ ብላችሁ እዩ። ሳይቃጠል በቅጠል ማለት እንዲህ ነው።

ለሳምንቱ በሰላም ያድርሰን።